መርዛማ ጋዝ ይዘው በብርሃን የሚናገሩ ዱቄቶች፦ እንዴት ይሠራሉ?

መስከረም 28 ቀን 2018 ዓ.ም. የ2025 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ስቶክሆልም ላይ ይፋ ሆነ። ሽልማቱን ሦስት ሰዎች ተካፈሉት። ሱሱሙ ኪታጋዋ ከኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ፣ ሪቻርድ ሮብሰን ከሜልበርን ዩኒቨርሲቲ፣ ኦማር ያጊ ደግሞ በርክሌይ ካለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ናቸው። የተሸለሙት በውስጣቸው እጅግ ብዙ ክፍተት ያላቸውን፣ ሞፍ (የእንግሊዝኛው “ሜታል-ኦርጋኒክ ፍሬምወርክ” ምህጻረ ቃል) የሚባሉ ቁሶች በመሥራታቸው ነው።

ዜናው ሲዞር ብዙ ሰው ጆሮ የገባው ከበረሃ አየር ውሃ የማውጣቱ ነገር ነው። እውነት ነው፣ ይቻላል። ግን እነዚህ ቁሶች ያን ያህል ያልተወራለት ሌላ ሥራም አላቸው። ለእኛ ኑሮ ቀረብ የሚለው ይኸኛው ይመስለኛል። መርዛማ ጋዝን ከአየር ውስጥ ይይዛሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ ጋዙን ሲይዙ የሚሰጡት ብርሃን ይደምቃል፣ ይደበዝዛል ወይም ቀለሙን ይለውጣል። አንድ ዱቄት መርዙን ይይዛል፣ መያዙንም ይነግረናል ማለት ነው።

ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የምናወራው ስለ የትኛው ብክለት ነው?

የአየር ብክለት ስንል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን እናደባልቃለን። አንዱ ብናኝ ነው። ጥላሸት፣ አቧራ፣ የጭስ ቅንጣት እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ሌላው ጋዝና ትነት ነው። ይህ ጽሑፍ የሚያወራው ስለ ሁለተኛው ነው። ልዩነቱን ያዙልኝ፤ ወደ መጨረሻው እንፈልገዋለን።

ጋዝና ትነት ከየት ይመጣል? ከኤምዲኤፍ ወይም ከቺፑድ የተሠራ አዲስ ቁም ሳጥን ስትከፍቱ ዓይን የሚቆጠቁጥ ሽታ አለ። ብዙውን ጊዜ ከሙጫው የሚወጣ ፎርማልዲሃይድ የሚባል ጋዝ አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ይህን ጋዝ ሰው ላይ ካንሰር ያመጣሉ ካላቸው ነገሮች መድቦታል። ጫማ ሰፊዎች የሚጠቀሙበት ማስቲሽና ቀለም ቀቢዎች የሚያቀጥኑበት ቲነር በአብዛኛው ቶሉዊን የተባለ ፈሳሽ አለባቸው። ቶሉዊን በቀላሉ ይተናል፣ ራስ ያዞራል፣ ለዓመታት ሲተነፈስ ነርቭ ይጎዳል። ከመኪና ጭስ ማውጫ የሚወጣው ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ሳንባን ያስቆጣል፤ አስም ያለበትን ሰው ያሠቃያል። የዶሮ እርባታ ውስጥ ደግሞ አሞኒያ አለ።

አፍንጫችን እነዚህን ለመለካት አይታመንም። ሽታውን ቶሎ ይለምደዋል። ቀኑን ሙሉ ማስቲሽ ሲቀባ የሚውል ሰው ከጥቂት ጊዜ በኋላ ምንም አይሸተውም። ሽታው ጠፋ ማለት ግን ትነቱ ጠፋ ማለት አይደለም። በትክክል የሚለኩ የላቦራቶሪ መሣሪያዎች አሉ። ግን ውድ ናቸው፣ ባለሙያ ይፈልጋሉ፣ የአየሩ ናሙና ተወስዶ ውጤቱ መጠበቅ አለበት። ርካሾቹ ኤሌክትሮኒክ መለኪያዎች ደግሞ አንዱን ጋዝ ከሌላው ያምታታሉ። የሚፈለገው ርካሽ፣ ፈጣንና የማያምታታ ነገር ነው። ባለ ክፍተቶቹ ቁሶች ተስፋ የተጣለባቸው እዚህ ላይ ነው።

ለመሆኑ ቁሱ ምንድን ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ ፎቅ ሲሠራ የሚቆመውን የባሕር ዛፍ ርብራብ አስቡት። አጣናዎች አሉ። አጣናዎቹ ተገናኝተው የሚታሰሩበት መገጣጠሚያ አለ። በመካከል ያለው ባዶ ቦታ ከእንጨቱ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሞፍ የሚባለው ቁስ አሠራሩ እንዲህ ነው። መገጣጠሚያው የዚንክ፣ የመዳብ፣ የዚርኮኒየም ወይም የሌላ ብረት አቶሞች ናቸው። አጣናው ካርቦን ያለበት ረዘም ያለ ሞለኪውል ነው።

ልዩነቱ መጠኑ ላይ ነው። የሞፍ ክፍተት ብዙውን ጊዜ 1 ናኖሜትር አካባቢ ነው። ይህ የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ማለት ነው። ደግሞም ርብራቡን የሚያስር ሠራተኛ የለም። ኬሚስቱ ግብዓቶቹን ፈሳሽ ውስጥ ቀላቅሎ ያሞቃቸዋል። ከዚያ በራሳቸው እየተያያዙ ክሪስታል ይሆናሉ። ክፍተቱ እንዲሰፋ ከተፈለገ ረዘም ያለ አጣና ይመረጣል። አጣናው ላይ ለአንድ ጋዝ የሚስማማ ቅጥያ ማድረግም ይቻላል። ከተለመደው የከሰል ማጣሪያ የሚለየውም ይኸው ነው። ከሰል ቀዳዳው ብዙ ነው፣ ግን ትልቁም ትንሹም የተደበላለቀ ነው። ሞፍ ግን ታስቦበት በልክ ይሠራል።

ሐሳቡ የመጣው ከክፍል ውስጥ ነው። በ1974 ሮብሰን ለማስተማሪያ የእንጨት ኳሶች ማዘጋጀት ነበረባቸው። ኳሶቹ አቶሞችን፣ ዘንጎቹ በመካከላቸው ያለውን ትስስር ያሳያሉ። ወርክሾፑ እንዲበሳቸው ቀዳዳዎቹ የት የት እንደሚሆኑ ምልክት ሲያደርጉ አንድ ነገር ታያቸው። የቀዳዳዎቹ ቦታ በትክክል ከተወሰነ፣ ሲገጣጠም የሚወጣው ቅርጽ አስቀድሞ ተወስኗል። እውነተኛ አቶሞችስ እንዲህ ቢገጣጠሙ? የመጀመሪያውን ውጤት ያሳተሙት ከ15 ዓመት በኋላ፣ በ1989 ነው። በውስጡ ሰፊ ክፍተት ያለው የመዳብ ክሪስታል ነበር። ግን በቀላሉ ይፈርስ ነበር። ብዙዎች ለምንም የማይሆን ነገር ነው አሉ።

ኪታጋዋ በ1997 ሳይፈርስ ጋዝ የሚያስገባና የሚያስወጣ ቁስ አሳዩ። ያጊ በ1999 ሞፍ-5ን ይዘው መጡ። እሱ ክፍተቱ ባዶ ሆኖ እንኳ 300 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ይችላል። ያጊ አማን ውስጥ ከፍልስጥኤማውያን ስደተኞች የተወለዱ ናቸው። በልጅነታቸው ቤተሰቡ ከከብቶቹ ጋር በአንድ ክፍል ይኖር ነበር። ይህን ሳነብ ደስ ስላለኝ ነው ያነሳሁት።

ጋዝ የሚያዘው የክፍተቱ ግድግዳ ላይ በመለጠፍ ነው። ስለዚህ ግድግዳው በበዛ ቁጥር ብዙ ይያዛል። እስካሁን ከተሠሩት ምርጦቹ በ1 ግራም ውስጥ ከ7000 ካሬ ሜትር በላይ ገጽ አላቸው። አንድ ሙሉ የእግር ኳስ ሜዳ የሚያህል ማለት ነው።

ብርሃኑስ ከየት ይመጣል?

አንዳንድ ነገሮች ለዓይን የማይታየውን የአልትራቫዮሌት ብርሃን ተቀብለው የሚታይ ብርሃን አድርገው ይመልሱታል። ይህ ባሕርይ ፍሎረሰንስ ይባላል። ስሙን ያወጡለት ጆርጅ ስቶክስ የተባሉ ሳይንቲስት ናቸው፣ በ1852። ጭፈራ ቤት ውስጥ ነጭ ሸሚዝ ወደ ሰማያዊ የሚያበራው ለዚህ ነው፤ የልብስ ሳሙናው እንዲህ ያለ ኬሚካል ስላለበት። ባንክ ውስጥ የብር ኖት መብራት ስር ሲታይ የሚያበሩት ክሮችም እንደዚሁ ናቸው።

የሚሆነው ይህ ነው። ብርሃኑ ሞለኪውሉ ውስጥ ያለ ኤሌክትሮን ላይ ያርፋል። ኤሌክትሮኑ ጉልበት አግኝቶ ከፍ ይላል። ከፍ ብሎ ግን አይቆይም። ጥቂቱን ጉልበት በሙቀት መልክ ያባክንና ቀሪውን ብርሃን አድርጎ እየለቀቀ ይመለሳል። ጉልበቱ ስለቀነሰ የሚወጣው ብርሃን ቀለሙ ይለያል።

ሞፍ ውስጥ ይህን ብርሃን የሚሰጠው አንዳንዴ አጣናው ነው፣ አንዳንዴ መገጣጠሚያው። ዩሮፒየም የተባለው ብረት ቀይ ያበራል፤ ቴርቢየም አረንጓዴ።

ጋዙ ሲገባ ብርሃኑ ለምን ይለወጣል?

የነገሩ እምብርት እዚህ ነው፤ ትንሽ ልቆይበት።

ኤሌክትሮኑ ከፍ ብሎ ሳለ ብርሃኑን ከመልቀቁ በፊት በጣም አጭር ጊዜ አለው። በዚያች ቅጽበት ክፍተቱ ውስጥ እንግዳ ሞለኪውል ካለ ሦስት ዓይነት ነገር ሊደርስ ይችላል።

አንደኛው፣ እንግዳው ኤሌክትሮኑን ይነጥቃል። ያኔ ብርሃኑ ይጠፋል። እንደ ቲኤንቲ ያሉ ፈንጂዎች ትነት ይህን ያደርጋል፤ ኤሌክትሮን የሚስብ ባሕርይ አለውና። በ1998 የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋሙ ቲሞቲ ስዌገርና ባልደረቦቻቸው በዚህ መንገድ የሚሠራ፣ በውስጡ ክፍተት ያለው የሚያበራ ፖሊመር ሠሩ። ሞፍ አይደለም፤ ፕላስቲክን የሚቀርብ ነገር ነው። የዚህ ፖሊመር ብልሃት የብርሃኑ ጉልበት በረጅሙ ሰንሰለት ላይ መጓዙ ነው። መንገዱ ላይ አንድ የቲኤንቲ ሞለኪውል ብቻ ቢያገኝ ይጠፋል። ስለዚህ አንድ ሞለኪውል የብዙ ቦታን ብርሃን ያጠፋል። ከዚህ የተሠሩት ፊዶ የተባሉ በእጅ የሚያዙ መሣሪያዎች ኢራቅ ውስጥ ፈንጂ ፍለጋ ላይ ውለዋል። ሞፍም ተከተለ። በ2009 የሩትገርስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የፈንጂ ትነትን በ10 ሴኮንድ ውስጥ የሚያውቅ የሚያበራ ሞፍ አሳዩ።

ሁለተኛው ተቃራኒው ነው። መጀመሪያ የጨለመው ቁስ ጋዙ ሲመጣ ይበራል። ለምሳሌ አጣናው ላይ ፎርማልዲሃይድን የሚወድ ቅጥያ ይደረጋል። ቅጥያው ባዶውን ሳለ ብርሃኑን ያፍናል። ፎርማልዲሃይድ ሲይዘው ማፈኑ ይቀራል። ጨለማ ውስጥ አዲስ መብራት ማየት፣ የደመቀ መብራት በጥቂቱ መቀነሱን ከማስተዋል ይቀላል። ስለዚህ ተመራማሪዎች ሲቻል ይህን ይመርጣሉ።

ሦስተኛው የቀለም ለውጥ ነው። በ2011 እነ ኪታጋዋ ያሳዩት ቁስ ይኼን ያደርጋል። እርስ በርሳቸው የተጠላለፉ ሁለት መረቦች አሉት። ትነት ሲገባ መረቦቹ ጠጋ ብለው እንግዳውን ያቅፉታል። ከዚያ የሚወጣው ቀለም እንደ እንግዳው ማንነት ይለያያል። ማስቲሽ ውስጥ ያለው ቶሉዊን አንድ ቀለም ይሰጣል፤ የቅርብ ዘመዱ ዛይሊን ሌላ። ሌሎች መሰሎቻቸው እስከ ቢጫና ቀይ ድረስ ይሄዳሉ። እነዚህ ሞለኪውሎች በጣም ስለሚመሳሰሉ ርካሽ መለኪያዎች አይለዩአቸውም። እዚህ ግን በዓይን ይለያሉ። ለእኔ በዚህ ዘርፍ ከተሠሩት ሁሉ ውብ ሙከራ ይኸኛው ነው።

የያዘውን መርዝ ምን ያደርገዋል?

ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድን እንውሰድ። በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ የተመራ ቡድን በ2019 ኤምኤፍኤም-520 የተባለ ሞፍ ይህን ጋዝ እንደሚይዝ አሳየ። የያዘው ጋዝ በውሃና በአየር ሲታጠብ ናይትሪክ አሲድ ይሆናል። ናይትሪክ አሲድ ደግሞ የማዳበሪያ ጥሬ ዕቃ ነው። ዱቄቱ ታጥቦ እንደገና ይሠራል። ሌሎች ሞፎች የያዙትን የሚለቁት ሲሞቁ ወይም አየሩ ሲሳብላቸው ነው። በአሜሪካ የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሠሩት ኤንዩ-1000 የተባለ ሞፍ ደግሞ የነርቭ ጋዝን ይሰባብራል። መያዝ ብቻ ሳይሆን መርዝነቱን ያጠፋዋል። አጣናው ራሱ የሚያበራ ሞለኪውል ነው።

መያዝና መናገር ለምን ይጣላሉ?

ስለእነዚህ ቁሶች በሚጻፉ ዜናዎች ውስጥ ብዙም የማይነሳ ነገር አለ። ጥሩ ማጣሪያ የያዘውን አጥብቆ መያዝ አለበት። መርዙን በነፋስ ሽው ባለ ቁጥር መልሶ የሚለቅ ማጣሪያ ምን ይሠራል? ጥሩ መለኪያ ግን መልቀቅ አለበት። የጠዋቱን ጋዝ እንደያዘ የቀረ መለኪያ ከሰዓት በኋላ አየሩ መጽዳቱን ሊነግረን አይችልም። ስለዚህ አንዱን ሥራ በደንብ የሚሠራ ቁስ በሌላው ይደክማል። መሐንዲሶቹ የሚደክሙት መካከለኛውን ለማግኘት ነው።

ሁለቱ በደንብ የሚገናኙበት አንድ ቦታ አለ። የመርዝ መከላከያ ጭንብል ማጣሪያ መቼ እንደሚሞላ ማወቅ ከባድ ነው። የለበሰው ሰው ብዙ ጊዜ የሚያውቀው ጋዙ ሲያልፍበት ነው። ማጣሪያው ውስጥ ያለው ቁስ እየያዘ ሲሄድ ብርሃኑ የሚለወጥ ከሆነ ግን የሞላውን ያህል በመብራት ማየት ይቻላል። እዚህ ላይ መልቀቅ አያስፈልገውም። አጥብቆ ይዞ ቢናገር በቂ ነው።

ታዲያ ለምን ገና በየቤታችን አልገባም?

ትልቁ ጠላት ውሃ ነው። አየር ውስጥ ያለው የውሃ ትነት ከምንፈልገው መርዝ በሺዎች እጥፍ ይበዛል። ክፍተቱን ቀድሞ ይይዘዋል። አንዳንዱን ሞፍ ከነጭራሹ ያፈርሰዋል። ዝነኛው ሞፍ-5 እርጥበት ባለበት አየር ውስጥ አይዘልቅም። በ2008 ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ዩአይኦ-66 መገጣጠሚያው ዚርኮኒየም ስለሆነ ውሃን በደንብ ይቋቋማል። ዛሬ ብዙ ተመራማሪ ከእሱና ከቤተሰቦቹ የሚነሳው ለዚህ ነው።

ማምታታትም አልቀረም። በ2013 የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ቡድን አሞኒያ ሲያገኝ ብርሃኑ የሚለወጥ ሞፍ ሠራ። በተራ ሙቀት ግን ለሌሎች ትነቶችም ምላሽ ይሰጥ ነበር። ቁሱን 100 ዲግሪ ላይ ሲያሞቁት ሌሎቹ አልጣበቅ አሉ፤ አሞኒያ ብቻ ቀረ። ድንቅ መፍትሔ ነው። ግን መለኪያው ማሞቂያ ሊኖረው ግድ ሆነ።

ሌላው የመብራቱ ጉዳይ ነው። የብርሃኑ ድምቀት የቀነሰው ጋዝ ስለገባ ነው? ወይስ አምፖሉ ስለደከመ? ወይስ ዱቄቱ በአልትራቫዮሌት ብዛት ስላረጀ? ይህን ለመለየት ሁለት ቀለም የሚያበሩ ቁሶች ይሠራሉ። አንዱ ቀለም በጋዙ ይለወጣል፤ ሌላው ባለበት ይቆያል። የሚለካው የአንዱ ድምቀት ከሌላው አንጻር ነው። ዋጋውም ገና አልረከሰም። ዱቄቱን በጨርቅ ወይም በስስ ሽፋን ላይ ሳይረግፍ ማጣበቅም ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

ይህም ሆኖ ሞፍ ገበያ ወጥቷል። ኑማት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የኮምፒውተር ቺፕ ፋብሪካዎች የሚፈልጓቸውን እንደ አርሲን ያሉ ገዳይ ጋዞች በሞፍ በተሞላ ሲሊንደር ያቀርባል። ጋዙ ዱቄቱ ላይ ስለተለጠፈ የሲሊንደሩ ግፊት ከውጭው አየር ያነሰ ነው። ሲሊንደሩ ቢያፈስ አየር ወደ ውስጥ ይገባል እንጂ መርዙ ፈጥኖ አይወጣም። የሚያበሩት ግን በአብዛኛው ከላቦራቶሪ አልወጡም።

የማድ ቤታችንንስ ጭስ ይይዝልናል?

አይይዝም። ይህን በግልጽ መናገር አለብኝ፤ ምክንያቱም እኛ አገር የብዙ ሰው ጭንቀት ይኸው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 በዓለም ዙሪያ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ሳቢያ እንደሞቱ ይገምታል። ዋናው ምንጭ የማገዶ፣ የከሰልና የላምባ ጭስ ነው።

መጀመሪያ ላይ ያዙልኝ ያልኩት ልዩነት የሚያስፈልገን አሁን ነው። ከጭሱ ዋናው ጎጂ ብናኙ ነው። ጤና ላይ የሚለካው ደቃቅ ብናኝ እስከ 2500 ናኖሜትር ይደርሳል። የሞፍ ክፍተት 1 ናኖሜትር አካባቢ ነው። ብናኙ አይገባም፤ ይልቁንም አፉን ይደፍነዋል። ለብናኝ መፍትሔው ጭስ ማውጫ፣ መስኮት፣ የተሻሻለ ምድጃና የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው።

ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ጋዝ ነው፣ ግን አስቸጋሪ ጋዝ። ሞለኪውሉ ትንሽ ነው፤ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው በጣም በደካማው ነው። ተራ የከሰል ማጣሪያ ያለው ጭንብልም አያስቆመውም። ሽታም ቀለምም የለውም። ዛሬ ገበያ ላይ ያሉት የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያዎች በአብዛኛው በሌላ ዘዴ፣ በኬሚካላዊ ባትሪ መሰል ሴል፣ የሚሠሩ ናቸው። ከሰል የተቀጣጠለበት ክፍል ዘግቶ መተኛትን የሚያካክስ ምንም ዱቄት የለም።

በእነዚህ ቁሶች ቶሎ ሊጠቀሙ የሚችሉት ትነት ውስጥ የሚውሉ ሰዎች ናቸው። የእንጨት ሥራ ቤቶች፣ ቀለም ቀቢዎች፣ ጫማ ሰፊዎች፣ የዶሮ እርባታ ሠራተኞች።

“አዲስ ቁስ መርዝ አወቀ” የሚል ዜና ስናይ ምን እንጠይቅ?

ሙከራው የተደረገው በአየር ነው ወይስ በፈሳሽ? ብዙዎቹ ሙከራዎች ዱቄቱን ፈሳሽ ውስጥ በትነው የሚደረጉ ናቸው። እዚያ መሥራቱ አየር ላይ ለመሥራቱ ማረጋገጫ አይሆንም። አየሩ ደረቅ ነበር ወይስ እርጥብ? በክረምት የአዲስ አበባ አየር ለሚፈተን ቁስ ይህ ትልቅ ጥያቄ ነው። ቁሱስ ስንት ጊዜ ተመልሶ ሠራ?

ከሁሉም በላይ ግን መጠኑ ይጠየቅ። በተዘጋ ብልቃጥ ውስጥ የታፈነ ትነትን ማወቅ ቀላል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለፎርማልዲሃይድ ያስቀመጠው ወሰን በ30 ደቂቃ አማካይ፣ በአንድ ሜትር ኩብ አየር 0.1 ሚሊግራም ነው። ይህም ከአንድ ቢሊዮን የአየር ሞለኪውሎች ውስጥ ወደ 80 ገደማ ነው። የቤት ውስጥ መለኪያ ይሆናል የተባለ ቁስ ይህን ያህል ጥቂት ጋዝ፣ የውሃ ትነት ባለበት አየር ውስጥ ማወቅ መቻል አለበት።